ወንጪት ዳር የነጠልኳቸው

ከወንዙ ማዶ ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ በቀረ ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አባቴ በመርሐቤቴ ጫፍ፣ ወንጪትን ቁልቁል በሚያይ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማሩት እኔን ነው። ሥራውን ያገኘሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ትፈለጋለች ተባለ፤ በአካባቢያችን ደግሞ ከእኔ ሌላ አልነበረችም።

ሥራው ወንዙ ዳር ነበር። ከወሎ በኩል የተራቡ ሰዎች ወንጪትን እየተሻገሩ ወደ ደጋው መውጣት ጀምረው ነበር፤ ከእነሱም ጋር በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ገባ ተባለ። ማንም ሰው ሳይታጠብና ሳይመረመር ሽቅብ እንዳይወጣ ከላይ ትእዛዝ ወረደ። መሻገሪያው ላይ ኬላ ተተከለ። አንድ ድንኳን፣ ሁለት የሣር ዳስ፣ ውሃ የሚፈላባቸው ሦስት በርሜሎች፣ ጠመንጃ የያዙ አራት ዘበኞችና ከከተማ የተላኩ አንድ ድሬሰር ነበሩን። ድሬሰሩን ሁላችንም ሐኪም ነበር የምንላቸው። ወንድ ሆነው ሴቶቹን ማጠብ ስለማይሆንላቸው ያ የእኔ ድርሻ ሆነ። ፀጉራቸውን በምላጭ እላጫለሁ፤ ልብሳቸውን በርሜል ውስጥ እቀቅላለሁ፤ ነጩን የቅማል ዱቄት እነሰንስባቸዋለሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ መዝገቡን እሞላለሁ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ትኩሳት ያለበት ሰው ታችኛው ዳስ ይገባል። ጤነኛ የሚመስለው አዋቂ ላይኛው ዳስ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ጤነኛ ልጅ ግን ከወላጁ ተለይቶ በበቅሎ ወደ ዓለም ከተማ ይወሰዳል፤ እዚያም የሚቀበለው ሰው ይፈለግለታል። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዱኝ፣ "ከበሽተኛ ጋር ዳስ ውስጥ ታጉረው ከተቀመጡ ያልቃሉ። ለነፍሳቸው ነው" አሉኝ። አመንኳቸው። ዛሬም ቢሆን ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አልጽፍም። ከራሳቸው ምሳ እየቀነሱ ለልጆቹ ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያቺ ሴት የመጣችው ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ረጅም ነበረች። አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን አዝላ ወንዙን ስትሻገር እግሯ ይንቀጠቀጣል። ባሏ ከአልጋ የማይነሱ እናቱን ጥሎ መውጣት ስላልቻለ እዚያው ቀርቷል። "እህል ይዤልህ እመለሳለሁ ብዬው ነው የወጣሁት" አለችኝ ፀጉሯን ስላጫት። የፀጉሯ ነገር! ሹሩባዋን ቆርጬ ስይዘው እጄ ላይ ከበደኝ። ግንባሯን ስነካው ግን እንደ እሳት ይፋጃል።

"ልጅቷን ስጪኝ" አልኳት።

"የት ልትወስጃት?"

"ወደ ከተማ። አንቺ እስኪሻልሽ ነው።"

"ማን ቤት?"

"ጥሩ ሰው ቤት።"

"እኮ ማን ነው? የሰውየውን ስም ንገሪኝ እንጂ እቴ! አባቷ የታለች ሲለኝ ምን ልበለው?"

የምነግራት ስም አልነበረኝም። ልጅቷ ነገሩ ገብቷት የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨበጠች። አንዱ ዘበኛ ሊጎትታት ሲጠጋ፣ "ተው፣ እኔ ልያዛት" አልኩት። ደግነት መስሎኝ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። አንዱን ሳላቅቅ ሌላው ተመልሶ ይይዛል። "እናትሽ ነገ ትመጣለች" አልኳት። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው ያልኳት። ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በቅሎ ላይ ስትቀመጥ አላለቀሰችም። ዳገቱን እስኪጨርሱ ድረስ አንገቷን አዙራ ዝም ብላ ወደኛ ታይ ነበር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡ ላይ "ሴት ልጅ፣ አንድ፣ ጤነኛ" ብዬ ጻፍኩ። ከእሷ በፊት ለሄዱትም እንዲሁ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱ ለልጅ ስም የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ እኔም ኅዳጉ ላይ ልጨምርበት አላሰብኩም። ዳዊት የደገምኩ ሰው ሆኜ!

እናትየዋ በጠና ታመመች። አልጋ ከሌለበት ዳስ ውስጥ፣ ሣር ላይ፣ አሥራ አምስት ቀን ያህል ራሷን አታውቅም ነበር። አጥሚት እየቀዳሁ በማንኪያ እግታት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምሰሶውን ይዛ ተነሳች፤ እየተደገፈች እኔ ልብስ ወደምቀቅልበት መጣች።

"ተሽሎኛል" አለች። "ልጄን።"

ልብሱን በርሜሉ ውስጥ ትቼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ሐኪሙ መድኃኒት ሲቆጥሩ ደረስኩ።

"ሐኪም፣ የልጆቹ መድረሻ የት ነው የተጻፈው?" አልኳቸው።

"ከተማ ያሉ ሰዎች ተቀብለዋቸዋል።"

"እነማን?"

"እኔ እንዴት አውቃለሁ? አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?" ቀና ብለው አዩኝ። "ከላክናቸው ውስጥ በተስቦ የሞተ ልጅ ሰምተሻል? አልሰማሽም። ሥራችን ይሄ ነው።"

"እናትየዋ ቆማ እየጠየቀችኝ ነው። ምን ልበላት?"

"በሕይወት አለች በያት።"

"በምን አውቄ?"

መድኃኒቱን መቁጠር ቀጠሉ። እኔም የምናገረውን ነገር አስቤበት አልነበረም፤ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ። "በግ እንኳ ለሰው ሲሰጥ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግበታል። እኛ ሰው ተቀብለን የማን እንደሆነ አልጻፍንም።"

ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ጣሳው መለሱት። "ትእዛዙ ስለ ስም ምንም አይልም" አሉ ቀስ ብለው።

"ጽፌው ቢሆን ኖሮ ማንም አይከለክለኝም ነበር። የነጠልኳትም በራሴ እጅ ነው። ሄጄ ልፈልጋት። አምስት ቀን ይስጡኝ።"

"ሦስት ቀን" አሉ።

ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

ከወንዙ እስከ ዓለም ከተማ ያለውን ዳገት እናትየዋ እንዴት እንደወጣችው አላውቅም። ሃያ እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ከተማ ስንደርስ ልጆቹን የተረከበውን ጸሐፊ ጠየቅነው። "የዚያን ዕለት ገበያ ነበር" አለን። "ልጅ የፈለገ ሰው እየመጣ ወሰደ። ይኸው ነው።" የተናገረው በክፋት አልነበረም። ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ነበር የተናገረው፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። እኔም ከሦስት ሳምንት በፊት እንዲሁ ነበርኩና።

ከዚያ ገበያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መጠየቅ ጀመርን። ጨውና አቡጀዲ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ዘንድ ስንደርስ እናትየዋም ሙስሊም ነችና በወጋቸው ሰላምታ ሰጠቻት። ነጋዴዋ ሰላምታውን መልሳ፣ የተላጨውን ራሷን አይታ፣ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ተናገረች።

"ከወንዙ ነው የመጣሽው?"

"አዎ። ልጅ ወስደውብኝ።"

"ሴት ናት? ትንሽ?"

እናትየዋ የነጋዴዋን እጅ ያዘች። እኔ፣ "አዎ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው" አልኩ።

"ከመንዝ፣ ከዘመሮ በኩል ባና ሊሸጡ የሚመጡ አንድ ቄስ አሉ" አለች ነጋዴዋ። ባና ማለት የመንዝ ሴቶች ከፈተሉት ሱፍ የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። "ባለፈው ገበያ መጥተው፣ 'ከወንዙ የመጣች ልጅ ቤቴ አለች፤ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ወደኔ ምሪልኝ' ብለውኛል። ለስንቱ ተናገርኩ መሰለሽ! ፈልጋ የመጣች ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

ነጋዴዋ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችን፤ መንገዱንም አሳየችን። ሁለት ቀን ይፈጃል። ገደሉን ወርደን የመንዝን ዳገት መውጣት ስንጀምር እናትየዋ ከገበያው ጀምሮ በልቧ የያዘችውን ተናገረች።

"ቄስ ናቸው አይደል? ክርስትና አንስተዋት ይሆን?"

"አላውቅም" አልኳት። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የተጠመቀ ልጅ ታድሏል እል ነበር። ያን ቀን ግን ባላነሷት እያልኩ ነበር የምሄደው። በእግዜር ፊት ይህ ምን ይባላል ብዬ አባቴን ኋላ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም፣ "የሰው ልጅ ሰርቆ ማጥመቅ የት ተጽፏል?" አሉኝ።

"ቢያነሷትም ልጄ ናት" አለች እናትየዋ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሰው።

መንዝ በረደን። ከበረሃው አፍ የመጣን ሰዎች በአንድ ነጠላ ነበርን። ቄሱን ያገኘናቸው ከጓሯቸው የፈረሰ ካብ ሲጠግኑ ነው። የያዙትን ድንጋይ አስቀምጠው እናትየዋን አዩዋት፤ ከዚያ ሳንናገር፣ "አፍንጫዋ ያንቺ ነው" አሉ።

"አባ፣ ክርስትና አነሷት?" አለች እናትየዋ። ሰላም እንኳ አላለቻቸውም።

"የለም፣ ልጄ። እናት አባት ያላትን ልጅ ሳልጠይቃቸው እንዴት አድርጌ? ባለቤቴ ብዙ ለምናኝ ነበር። ወላጆቿ እስኪገኙ ብዬ አቆየኋት። በየገበያው ያስነገርኩትም ለዚህ ነው።"

እናትየዋ ካቡን ይዛ ተቀመጠች። ቄሱ ሚስታቸውን ተጣሩ። ሚስታቸው ልጅቷን በእጃቸው ይዘው ከቤት ወጡ። ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ አራት ልጆች ወልደው አራቱንም ቀብረዋል። ልጅቷ ፊቷ ሞልቷል፤ በልኳ የተሰፋ የሱፍ እጀ ጠባብ ለብሳለች። እናቷን አየቻት። አየቻትና ከቄሱ ሚስት ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

አላወቀቻትም። የምታውቃት እናቷ ሹሩባ የነበራትና ፊቷ ያልከሳ ሴት ነች፤ ይህችኛዋን እንዲህ ያደረግኳት እኔና በሽታው ነን። እኔን ግን ወዲያው አወቀችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ ጮኸች። የዚያን ልጅ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከግቢው ወጥቼ ከካቡ ውጭ ተቀመጥኩ። እዚያ በነበርንባቸው ቀናት ሁሉ ጎረቤት ቤት ነው ያረፍኩት፤ ልጅቷ ባለችበት ላለመታየት እጠነቀቅ ነበር።

እናትየዋ ልጅቷን ልያዝ አላለችም። እኔ ብሆን እንደዚያ እታገሥ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ደጁ ላይ ፀሐይ ከሚያርፍበት ተቀምጣ ከቄሱ ሚስት ጋር ምስር መልቀም ጀመረች። በአንደኛው ቀን ልጅቷ ከሩቅ ሆና አየቻት። በሁለተኛው ቀን ከመዳፏ ቆሎ ወስዳ ሮጠች፤ "እትዬ" ብላ ጠራቻት አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የቄሱ ሚስት እኔ ወዳለሁበት ካብ እያለቀሱ መጡ።

"ምን ሆኑ፣ እሜቴ?" ብዬ ተነሳሁ።

"ያች ልጅ ስትተኛ ጆሮዬን ካልነካካች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር" አሉ። "የምን ዓመል ነው እያልኩ እተዋታለሁ። አሁን ፀሐዩ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ተነሳችና ሄደች። ሄዳ የእናትየዋን ጆሮ ያዘች። ያዘችና ቆይታ፣ 'እማ' አለቻት።"

አብረን አለቀስን። እሳቸው ለምን እንደሚያለቅሱ አውቅ ነበር። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆይተው ግን፣ "ይህች ሴት በዚህ አቅሟ እንዴት አድርጋ ትሄዳለች? እስክትበረታ እዚሁ ትቆይ። ልጅቷም ሁለታችንን ትልመድ" አሉና ወደ ቤት ተመለሱ።

እናትየዋ ቆየች። ወሩ የጾም ወር ስለነበር ያ ቤት ሥጋ አያውቅም፤ "እርዱ ያጣላን ነበር፣ ምስሩ አስታረቀን" ይሉ ነበር ቄሱ እየሳቁ። የቄሱ ሚስት ለመስገጃዋ ንጹሕ አጎዛ አውጥተው ሰጧት። በምትሰግድበት ሰዓት ከደጅ የሚመጣ ሰው ካለ፣ "ቆይ፣ ጸሎት ላይ ናት" ብለው ያስቆሙት ነበር። ይህን ከመመለሴ በፊት ከካቡ ውጭ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ወደ ወንዙ ስመለስ ሐኪሙ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡን ከፍተው አሳዩኝ። በማስመሪያ አዳዲስ መስመሮች አስምረውበታል፤ የልጁ ስም፣ የእናት፣ የአባት፣ የአገሩ፣ የተቀባዩ።

"አንቺ በሌለሽበት ሰባት እናቶች ተሽሏቸው ተነሱ" አሉኝ። "ሰባቱም ወደኔ መጡ። አንዷን 'በሕይወት አለ' አልኳት። አንቺ ያልሽውን ጠየቀችኝ። በምን አውቀህ አለችኝ።"

"ስሙን መጻፉ ጥሩ ነው፣ ሐኪም" አልኩ። "ግን ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ?"

"ተስቦውስ?"

"ሦስተኛ ዳስ እንሥራ። ልጆቹ ከታጠቡ በኋላ እዚያ ይሁኑ። አክስት ወይም አያት ወይም የአገራቸው ሰው አብሯቸው ይቀመጥ። እናትየዋ ካለችበት ሆና ታያቸዋለች፤ እነሱም ያዩዋታል።"

"ትእዛዙ እንዲህ አይልም።"

"ትእዛዙ ልጆቹ እንዳይታመሙ ነው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከታችኛው ዳስ ጀምረው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሲሄዱ አየኋቸው። ስልሳ ላይ ቆሙና፣ "ቅማል ይህን ያህል አይሄድም። እዚህ ይሠራ" አሉ። ዳሱን የሠሩት እዚያው ተይዘው የነበሩት አባቶች ናቸው። ለሳምንታት እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡ ሰዎች እንደዚያ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። በሁለት ቀን ጨረሱት። ከዚያ በኋላ አንድም ልጅ በበቅሎ አልወጣም።

ሁሉም ደህና ሆነ ብዬ አልዋሽም። ሦስተኛው ዳስ ውስጥ ሁለት ልጆች ታመሙ፤ አንዷ ዳነች፣ አንዱ ሞተ። "ወደ ከተማ ብልከው ኖሮ ይተርፍ ነበር" አሉ ሐኪሙ፤ ለብዙ ቀን ምግብ አልበሉም። ይተርፍ ነበር ይሆናል። ታሞ ታችኛው ዳስ ሲገባ ግን እናቱ ከጎኑ ነበረች፤ መቃብሩንም ታውቀዋለች። ይህን ክርክር ከሐኪሙ ጋር አልጨረስኩትም፤ ከራሴም ጋር እንዲሁ። ሆኖም እናቶቹን ሳንጠይቅ እኛ መምረጣችን ስህተት እንደነበር ያን ጊዜም አልተጠራጠርኩም፤ አሁንም አልጠራጠርም።

ቀደም ብለው የሄዱትን አሥራ አራት ልጆች በየገበያው አስፈለግን። ነጋዴዋ በዓለም ከተማ፣ ቄሱ በዘመሮና በቀየት እያስነገሩ አሥራ ሦስቱ ተገኙ። የአንደኛው ልጅ እናት ልጇን ካስጠለሉት ሰዎች ቤት ሄዳ አየችው፤ ከዚያ፣ "እስከ መኸር እናንተው አቆዩልኝ፤ አሁን ቤቴ የሚበላ የለም" ብላ በራሷ አፍ ለምና ትታው ተመለሰች። እኛ ካደረግነው የሚለየው ይሄ ነው። እሷ ናት የወሰነችው። አንድ ልጅ ብቻ አልተገኘም። ወንድ ነው፤ አራት ዓመት ይሆነዋል። የአገሩን ስም ከእናቱ ጠይቄ ጽፌ ይዤዋለሁ፤ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ቄሱና ሚስታቸው እናትየዋንና ልጅቷን ይዘው ወረዱ። አህያው ላይ የዘር ገብስና ጤፍ ተጭኗል። በማዶ በኩል አንድ ቀጭን ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ ነጋዴዋ ለልጅቷ አባት በመንገደኛ መልእክት ልካለት ኖሮ ነው። ልጅቷ አጠገቤ ስታልፍ በእናቷ ሌላ ጎን ዞረች። አልከፋኝም። እናትየዋ ግን ቆማ እጄን ያዘችኝ።

"ያደረግሽውን ትርሳልሽ ብዬ አልመርቅሽም" አለችኝ። "ስታድግ ግን እስከ መንዝ ድረስ በእግርሽ እንደፈለግሻት እነግራታለሁ። ሁለቱንም ትወቀው።"

ተሻገሩ። ሰውየው ውሃው ውስጥ ገብቶ ተቀበላቸው፤ ልጅቷን ትከሻው ላይ አወጣት። የቄሱ ሚስት ማዶ ያለውን ዳገት ወጥተው እስኪሰወሩ ድረስ ከመሻገሪያው አልተንቀሳቀሱም። እያለቀሱ መስሎኝ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩ። አያለቅሱም ነበር።

"ውሃው ሲጎድል ለመስቀል ገበያ እንመጣለን ብላኛለች" አሉ ለባላቸው። "ልጅቱ እስከዚያ ታድጋለች፤ ያ እጀ ጠባብ ያጥራታል። ተነሱ እንሂድ፤ ሌላ የምፈትለው ሱፍ አለብኝ።" አህያውን ራሳቸው እየነዱ፣ ቄሱን ወደኋላ ጥለው ዳገቱን ተያያዙት።